ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን?

ባለፈው የፋሲካ ዕረፍት ወደ ቤተሰቦቼ ወደ ሞጆ ሄጄ ሳለሁ አንዲት ትንሽ ሥራ ተሰጠችኝ። ትንሽ ናት ብዬ የተቀበልኋት ይህች ሥራ ግን ዕረፍቴን በሙሉ ከመውሰዷም በላይ እስከ ዛሬ ድረስ ከሐሳቤ አልወጣችም። ስለዚህ ለጓደኞቼ ተማሪዎች ላካፍላት አሰብሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰፈራችን ያለው የወንጌል አማኞች ጉባኤ በእሑድ አምልኮ ጊዜ የመዝሙሩን ቃል በፕሮጀክተር በግድግዳ ላይ ማሳየት ከጀመረ ቆይቷል። የመዘምራኑ መሪዎች አንድ ቀን ጠርተውኝ፣ «ቃሉን በየጊዜው የተለያየ ሰው ስለሚጽፈው ፊደሉ ተበላሽቷል፤ አንተ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ የምትማር ነህና አንድ ጊዜ አርመህ በደንብ ጻፍልን» አሉኝ። በእያንዳንዱም መዝሙር ግርጌ ግጥሙን የጻፈውንና ዜማውን ያወጣውን ሰው ስም እንዳሰፍር ጨምረው ነገሩኝ።

ሥራውን ስጀምር በሁለት ቀን የምጨርሰው መስሎኝ ነበር። መዝሙሮቹ ሲቆጠሩ 140 ሆኑ። ቃሉን ማረም ብዙ አላስቸገረኝም፤ የስሙ ፍለጋ ግን ዳገት ሆነብኝ። እንደ ተስፋዬ ጋቢሶ፣ እንደ ደረጀ ከበደ፣ እንደ ታምራት ኃይሌ ያሉት በካሴት የታወቁት ዘማሪዎች መዝሙር ወዲያው ይለያል። ከእነርሱ ወዲያ ላለው ግን አንዱን ሽማግሌ ብጠይቅ «የጥንት ነው» ይለኛል፤ ሌላውን ብጠይቅ «የመንፈስ ቅዱስ ነው» ይለኛል። ይህ መልስ ለእምነት ይበቃ ይሆናል፤ በግርጌ ለሚጻፍ ስም ግን አይበቃም። በመጨረሻ ከግማሽ በሚበልጡት ሥር «ያልታወቀ» ብዬ መጻፍ ግድ ሆነብኝ።

አንድ የተከበሩ ሽማግሌ መጨነቄን አይተው፣ «ልጄ፣ ስም ምን ያደርጋል? ክብሩ የእግዚአብሔር ነው፤ ሰውዬውማ ዕቃ ነው» አሉኝ። ይህ አነጋገር በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። በአገራችን ሥር የሰደደ አስተሳሰብ ነው። እኔም በዚያን ቀን የምመልሰው አጥቼ ዝም አልሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን እውነት ነውን? ስል ራሴን ጠየቅሁ።

ስለ መዝሙር ደራሲ ሲነሣ በእኛ አገር ከሁሉ በፊት የሚጠራው ቅዱስ ያሬድ ነው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም፣ በንጉሡ በገብረ መስቀል ዘመን እንደ ነበረ ይነገራል፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉት ሦስቱ የዜማ ስልቶችም ከእርሱ እንደ ወጡ ይታመናል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ የዜማውን ምልክት በማበጀት የሚታወሱት ደግሞ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው። በመካከላቸውና ከእነርሱ በኋላ ድጓውን ያስፋፉት፣ ዝማሬውን ያሳመሩት ሊቃውንት ግን ስንት ይሆኑ? እኛ ተራዎቹ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው የሰው ስም ሳይሆን የቦታ ስም ነው፤ ቤተ ልሔም፣ አጫብር፣ ቆማ፣ ተጉለት እያልን።

ይሁን እንጂ በብራና መጻሕፍት መጨረሻ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኝ አንድ ነገር አለ። ጸሐፊው በብዙ ወራት ድካም መጽሐፉን ከፈጸመ በኋላ የገዛ ስሙን ይጠቅስና አንባቢው በጸሎት እንዲያስበው ይለምናል። ይህ ሰው ትሑት አልነበረም ልንል እንችላለንን? አንችልም። ስሙን ያኖረው ለውዳሴ ሳይሆን ለመታሰቢያ ነው። ውዳሴና መታሰቢያ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያወቅሁት እንግዲህ በዚህ ሥራ ምክንያት ነው።

በውጭው ዓለምም ስማቸውን የደበቁ የመዝሙር ደራሲዎች ሞልተዋል። አሜሪካዊቷ ፋኒ ክሮስቢ (እ.ኤ.አ. 1820–1915) ገና በጨቅላነቷ ዓይኗ የጠፋ ሴት ነበረች፤ በዕድሜዋ ከ8,000 በላይ መዝሙር ደርሳለች። መጽሐፉ ሁሉ በአንድ ሰው ስም እንዳይሞላ ሲባል ወደ 200 በሚጠጋ የብዕር ስም ይታተምላት ነበር። የአየርላንዱ ተወላጅ ዮሴፍ ስክሪቨን ደግሞ ካናዳ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1855፣ ሩቅ ያለች እናቱን ለማጽናናት አንድ ግጥም ጻፈ። ኢየሱስ ምን ያለ ወዳጅ እንደ ሆነ የሚናገረው ይህ ግጥም በእኛም አገር በየጉባኤው የሚዘመር ነው። ለብዙ ዓመታት ያለ ስም ሲታተም ቆይቶ እንዲያውም ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር። ሰውዬው በወጣትነቱ ሊያገባት የነበረችው እጮኛው በሠርጋቸው ዋዜማ ውኃ ውስጥ ሰጥማ የሞተችበት ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ያንን መዝሙር እንደ ቀድሞው በግዴለሽነት መዘመር አልቻልሁም።

ስሙ መታወቁ የመዝሙሩን ቃል እንደምን እንደሚያከብደው የሚያሳየው ሌላው ምሳሌ እንግሊዛዊው ጆን ኒውተን ነው። ስለ አስደናቂው ጸጋ የሚናገረው የእርሱ መዝሙር እ.ኤ.አ. በ1779 ታተመ። ኒውተን አስቀድሞ ሰዎችን ከአፍሪካ እየጫነ የሚሸጥ የባሪያ መርከብ አዛዥ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ስለ ራሱ ምስኪንነትና ኃጢአት ሲናገር ቃሉ ጌጥ አይደለም፤ የእምነት ቃል እንጂ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ዜማ ግን የኒውተን አይደለም። በአሜሪካ ሕዝብ ዘንድ ሲዜም የቆየ፣ ደራሲው የማይታወቅ ዜማ ነው፤ ከግጥሙ ጋር የተጋባው እ.ኤ.አ. በ1835 ነው። ስለዚህ የግጥሙ ባለቤት ሲታወቅ የዜማው ባለቤት ተረስቶ ቀርቷል ማለት ነው።

አንባቢዬ «ይህ የሩቅ አገር ወሬ ለእኛ ምናችን ነው?» ይለኝ ይሆናል። እኔም ወደ አገራችን የሚያደርስ ክር ፈልጌ አንድ አገኘሁ። ሊና ሳንደል (እ.ኤ.አ. 1832–1903) የምትባል ስዊድናዊት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1858 ከአባቷ ጋር በመርከብ ስትሄድ አባቷ ዓይኗ እያየ ሐይቅ ውስጥ ወድቀው ሰጠሙ። ከዚያ በኋላ የጻፈቻቸው መዝሙሮች በስዊድን ቤት ሁሉ ገቡ። አያሌዎቹን በዜማ ያስጌጠው ኦስካር አንፌልት ጊታሩን ይዞ በየመንደሩ እየዞረ ይዘምር ነበር። ይህች ሴት በስቶክሆልም ውስጥ በጽሑፍ ሥራ ትረዳው የነበረው ማኅበር የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ነው። እ.ኤ.አ. በ1866 የመጀመሪያዎቹን መልእክተኞች ወደ ምጽዋ የላከውም ይኸው ማኅበር ነው።

በምጽዋም እነዚህ መልእክተኞች ሂካ የሚባል አንድ የኦሮሞ ልጅ ተቀበሉ። በኢሉባቦር ተወልዶ፣ በልጅነቱ ተሰርቆ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ከቆየ በኋላ በባሕሩ ዳር እ.ኤ.አ. በ1870 ነፃ የወጣ ነው። በጥምቀት ኦኔሲሞስ ተባለ። እርሱም ስዊድን ሄዶ ተምሮ ተመለሰና እ.ኤ.አ. በ1887 በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ የመጀመሪያውን የኦሮምኛ መዝሙር መጽሐፍ በግዕዝ ፊደል አሳተመ። ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1899 ወጣ። በዚህ ሁሉ ሥራ ዋነኛ ረዳቱ አስቴር ጋኖ ነበረች፤ እርሷም ከባርነት የወጣች ናት። ከወገኖቿ የሰማቻቸውን 500 ያህል ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖች ከአእምሮዋ እያወጣች እንድትጽፍ የተደረገችው ይህች ሴት፣ ለመጽሐፍ ቅዱሱ ትርጉም የሚያገለግል የቃላት ስብስብም አዘጋጅታለች። ሆኖም በእኛ ጉባኤ ስለ ኦኔሲሞስ የሰሙ ጥቂቶች ሲሆኑ ስለ አስቴር የሰማ አንድ ሰው እንኳ አላገኘሁም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ወደ እርሱ እመለሳለሁና።

አሁን ወደ ሞጆ ልመለስ። ከተማችንን ለማያውቅ፣ ሞጆ ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሉሜ ወረዳ የምትገኝ የመገናኛ ከተማ ናት። መንገዱ እዚያ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ናዝሬትና ወደ ሐረር፣ ሌላው ወደ ዝዋይ፣ ወደ ሻሸመኔና ወደ ሐዋሳ ይሄዳል። ዛሬ የምትታወቀው በደረቅ ወደቧና በቆዳ ፋብሪካዋ ነው። ቀድሞ ግን ከተማዋን ያስጠራት ባቡሩ ነበር። አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ በአሮጌው የባቡር መንገድ ላይ የሐዲድ ጠጋኝ ሆነው ዕድሜያቸውን ፈጅተዋል። እኛ ልጆቹ «አባባ» እንላቸው ነበር። ሚስታቸውን ደግሞ በኦሮምኛ «አኮ» እንላቸዋለን፤ አያት ማለት ነው። አባባ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ አኮ ግን ዛሬም አሉ።

አባባ ወደ ወንጌል እምነት የመጡት ከእኛ 25 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በናዝሬት በኩል ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በዚያ የዐፄ ገላውዴዎስ ትምህርት ቤት ተማሪዎች እንግሊዝኛ ለመለማመድ ብለው ወደ ሜኖናይት ሚስዮን ሐኪሞች ዘንድ ይሄዱና የዮሐንስን ወንጌል ማንበብ ይጀምራሉ። ከዚህም ሰማይ ብርሃን የተባለው የወጣቶች እንቅስቃሴ ተነሣ። በዚያው ዘመን መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ የዩኒቨርሲቲና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሙሉ ወንጌል የተባለችውን ቤተ ክርስቲያን አቋቋሙ፤ በመዘምራን ኅብረታቸውም ከውጭ የተተረጎመውን ትተው በአገር ልጅ ግጥምና በአገር ዜማ መዘመር ተያያዙ። በ1955 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያም መዝሙርን በየቤቱ ያገባ ነበር። እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ዛሬ አባቶቻችንና እናቶቻችን «የጥንት መዝሙር» የሚሉትን ከደረሱት ሰዎች ብዙዎቹ በዚያን ጊዜ የእኛው እኩዮች፣ ደብተር በብብታቸው ይዘው ከክፍል ወደ ክፍል የሚሮጡ ተማሪዎች ነበሩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም ከታሪክ እናውቀዋለን። ደርግ በ1969 ዓ.ም. ሬዲዮ ጣቢያውን ወረሰ፤ ሙሉ ወንጌል ተዘጋች፤ በጥር 1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም ተዘግታ መሪዎቿ ታሰሩ። ተስፋዬ ጋቢሶ በእምነቱ ምክንያት 7 ዓመት ታስሯል፤ በእስር ቤትም ሆኖ መዝሙር መድረሱን አልተወም። አማኞች አምስትም ስድስትም እየሆኑ በየሰው ቤት ተሸሸጉ። የአባባ ቤት ከሐዲዱ አጠገብ ስለ ነበረ እዚያ መሰብሰብ ይወደድ ነበር አሉ። ምክንያቱም ባቡር እስኪመጣ ድረስ በሹክሹክታ ይዘምሩና ባቡሩ ሲያልፍ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። እናቴ በልጅነቷ የባቡርን መምጣት የምትናፍቀው ስለዚህ እንደ ነበር ትናገራለች።

በዚያ ዘመን አባባ መዝሙሮችን የሚጽፉበት አንድ ደብተር ነበራቸው። ቀን ቀን በጤፍ ጆንያ ውስጥ ይቀበር ነበር። አሁን እናቴ ዘንድ ስላለ ለሥራዬ ይረዳኛል ብዬ ተበደርሁት። በውስጡ 46 መዝሙሮች አሉ። የሰው ስም ግን አንድም የለበትም። የሰባቱ ራስጌ ላይ ብቻ በትንሽ ጽሕፈት «ከቤት» የሚል አገኘሁ። እኔም በቤት ውስጥ የሚዘመሩ ማለት መስሎኝ አለፍሁት።

ከእነዚህ ሰባት አንዱ በጉባኤያችን እጅግ የሚወደደው፣ «የበሩ መዝሙር» የምንለው ነው። አንድ ሰው ሌሊት መብራቱን ሳያጠፋ፣ በሩን ሳይዘጋ፣ የሚመጣውን ሲጠብቅ ይናገራል። እኛ ስለ ጌታ መምጣት የተነገረ ነው ብለን ስለምናምን በሠርግ ላይ ሙሽራው ሲገባ በኪቦርድና በጭብጨባ፣ በፈጣን ምት እንዘምረዋለን። ግጥሙ የአባባ መሆኑን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ በቀብራቸውም ላይ «የእርሳቸው መዝሙር» ተብሎ ተዘምሯል። ስለዚህ ያለ ምንም ማመንታት የአባባን ስም በግርጌው ጻፍሁ።

ነገር ግን ደብተሩን ከምንዘምረው ጋር ሳስተያይ አንድ ልዩነት አየሁ። እኛ «ብትዘገይም ትመጣለህ» እንላለን። ደብተሩ ግን «ብትዘገይም፣ ባትመጣም» ይላል። እኔ መጀመሪያ የአባባ ስሕተት ነው፣ ከጊዜ በኋላ ያረመው ሰው ደግ አደረገ ስል ፈረድሁ። ጌታን «ባትመጣም» የሚለው ማን ነው? ሆኖም ነገሩ ስለ ከነከነኝ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ አኮ ቡና ሲያፈሉ አጠገባቸው ተቀምጬ ጠየቅኋቸው።

«አኮ፣ አባባ ‹ከቤት› ብለው የጻፉት ምን ማለት ነው?»

አኮ ሳቁ። «ከቤት ማለት ከቤት ነዋ! ከእኔ ማለታቸው ነው። ስሜን አይጽፉትም ነበር። ቤት ተፈትሾ ደብተሩ ቢገኝ እርሳቸው ብቻ እንዲታሰሩ፣ እኔ ለልጆቹ እንድቀር።»

ጀበናውን አወረዱና ቀስ ብለው ነገሩኝ። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ በኋላ የበኩር ልጃቸው፣ እኔ ያላየሁት አጎቴ፣ በ1977 ዓ.ም. ተመልምሎ ወደ ሰሜን ሄደ። ሁለት ደብዳቤ ላከ። ከዚያ በኋላ ምንም አልተሰማም። መሞቱ ስላልተነገረ ለቅሶ መቀመጥ አይቻልም፤ ስላልመጣም ደስታ የለም። አባባ የሌሊት ተራ ሲሆኑ አኮ ብቻቸውን ለነገ የሚሸጡትን እንጀራ እየጋገሩ፣ በሩን ሳይቀረቅሩ፣ ያንጎራጉሩ ነበር። ዜማው ሉሜ ገጠር ሳሉ እናታቸው ወንድሞቻቸውን በኦሮምኛ እሹሩሩ ሲሉ የሰሙት ነው። ያንኑ ልጃቸውን ያስተኙበት ስለ ነበር ሌላ ዜማ አልመጣላቸውም። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቢቆጥሩም ግጥም መጻፍ አይደፍሩም ነበርና፣ አባባ አንድ ንጋት ከሥራ ሲመለሱ ሰምተው «ድገሚው» አሏቸው፤ ወደ አማርኛም አዙረው ጻፉት። «ባትመጣም» የሚለውን ቃል አባባ ሊተዉት ፈልገው ነበር አሉ። አኮ «እሱን ከተዉት ሁሉንም ይተዉት» ብለው እምቢ አሉ።

«ታዲያ አኮ፣ ሰው ሁሉ ‹የአባባ መዝሙር› ሲል፣ በሠርግም ሲጨበጨብበት ዝም የሚሉት ለምንድን ነው?» አልኋቸው።

«ምን ልበል? ጌታም ይጠበቃል፣ ልጅም ይጠበቃል። በሩ አንድ ነው» አሉኝ። ቀጥለውም በ1983 ዓ.ም. ጦሩ ሲበተን ከሰሜን በእግራቸው የሚመለሱ ወታደሮች በከተማችን ሲያልፉ ብዙ ቀን መንገድ ዳር ቆመው ፊት ፊታቸውን ያዩ እንደ ነበር ነገሩኝ። ይህን ሲናገሩ አላለቀሱም። ያለቀስሁት እኔ ነኝ።

አንባቢዬ፣ እስቲ ፍረድ። እኔ ይህን መዝሙር ከሕፃንነቴ ጀምሮ እጄን እያጨበጨብሁ ስዘምረው አድጌአለሁ። የዘመርሁት ግን ማንን ነው? አስቴር ጋኖን የማያውቅ ጉባኤ ብዬ ስወቅስ የገዛ ቤቴን ሴት አላወቅሁም። ስሟን ያጣው ሰው ከሩቅ አገር አልነበረም፤ ቡና አፍልቶ የሚያጠጣኝ ሰው ነበር።

ወደ ጽሑፌ ተመልሼ ምን ልጻፍ ብዬ አኮን ጠየቅኋቸው። «ግጥሙን አባባህ ጻፉት፤ ዜማውን እናቴ አመጣችው፤ እኔ ምን አደረግሁ?» አሉ።

«የጠበቁት እርስዎ ነዎት እንጂ» አልሁ።

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «እንግዲያስ የልጄን ስም ጻፍበት፤ የእኔንስ ስም ዕድርተኛው ሁሉ ያውቀዋል» አሉኝ።

ነገሩን ለመዘምራኑ መሪዎች ሳቀርብ ክርክር ተነሣ። ከላይ የጠቀስኋቸው ሽማግሌ ስሙን ያለ ተቃውሞ ተቀበሉ። «ይህስ ውዳሴ አይደለም፤ ተዝካር ነው» አሉ። «ባትመጣም» የሚለውን ቃል መመለስ ግን ጉባኤውን ያሰናክላል ብለው ብዙዎቹ እምቢ አሉ። ወጣቶቹ ደግሞ ምቱ ከቀዘቀዘ በሠርግ አይሆንም አሉ። እኔ ቃሉ እንዲመለስ ብዙ ተከራከርሁ፤ አልተሳካልኝም። ቅር ብሎኝ ወደ አኮ ብሄድ ከእኔ ይልቅ እርሳቸው ቀለል አድርገው ያዙት። «ሰው እንደሚበጀው ይዘምረው። እኔ ለራሴ እንደ ጥንቱ እላለሁ» አሉኝ።

ስለዚህ ዛሬ በሞጆ በዚያ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ቃሉ እንደ ታረመ ይታያል። በግርጌው ግን ሦስት መሥመር ተጨምሯል። የመጀመሪያው ግጥሙ የአኮና የአባባ መሆኑን ይናገራል። ሁለተኛው ዜማው የሉሜ እናቶች እሹሩሩ መሆኑን ይናገራል። ሦስተኛው የአጎቴ ስም ነው፤ ከስሙ ቀጥሎ «መታሰቢያ» የሚል አለበት። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ በዋለው እሑድ መዝሙሩ ሲዘመር ጭብጨባው እንደ ወትሮው ጀመረና ሰው ግርጌውን እያነበበ ሲሄድ ቀስ በቀስ ቀነሰ። ቀስ በሉ ያለ ማንም አልነበረም።

ጓደኞቼ ተማሪዎች ሆይ! ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ ስለ ኒውተንና ስለ ፋኒ ክሮስቢ የሚናገር መጽሐፍ ይገኛል። በየቤታችን፣ በየደብሩ፣ በየጉባኤው ስለሚዘምሩት ሰዎች ግን የተጻፈው ጥቂት ነው፤ የሚያውቁትም እያረፉ ነው። ኦርቶዶክስ የሆንህ ወንድሜ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ሳለህ ያጠናኸውን መዝሙር ያወጣው የኔታ ማን ነበር? ጴንጤ የሆንሽ እኅቴ፣ እናትሽ የምታንጎራጉረው የማን ነው? በመጪው ክረምት ወደየአገራችሁ ስትሄዱ አንድ ደብተር ይዛችሁ ሂዱ፤ ጠይቁ፤ የሰማችሁትንም ከነስሙ ጻፉ። ስም የሚጻፈው ሰውን ከእግዚአብሔር ክብር ለማካፈል አይደለም። መዝሙሩ ምን ያህል ዋጋ እንደ ተከፈለበት የሚዘምረው ሰው እንዲያውቅ ነው።

እኔ ከሰባቱ «ከቤት» መዝሙሮች ገና አንዱን ብቻ ነው የጠየቅሁት። ስድስቱ ይቀሩኛል። አኮም ሰማንያ ዓመት ሆኗቸዋልና በዚህ ክረምት ከሞጆ ወዴትም አልሄድም።